በከንቱ ለመጡ

በፑንታ አሬናስ ጸደይ ነፋሱ ሰው ይጥላል፤
ከተማው በየጥጉ ገመድ ይዘረጋል፣
መንገደኛ እንዲጨብጥ፣ አሮጊት እንዳትወሰድ።
እኔም ከምሽት እስከ ንጋት የዚያው ገመድ ዘመድ፣
ኤልቪራ ቭራንዲች፣ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፤
የሚወድቅ ይያዘኝ እንጂ ማንነቱን አልጠይቅም።

ዶኛ ሬሚሂያ፣ አንቺ በእኩለ ሌሊት መጣሽ፣
በአንድ እጅሽ ደረትሽን፣ በሌላው ቦርሳሽን ይዘሽ።
የልብሽን ምት ከወረቀት ላይ አነበብኩት፣
ደምሽን ቀድቼ፣ ቆይቼ፣ ደግሜ አስመረመርኩት።
ቃር ነበር።
የጠቦት ጥብሱ ጮማ፣ የልጅ ልጅሽ ልደት፣
ቀይ ወይኑ ከላይ፣ መኝታው ወዲያው፣ ሌላ የለበት።
ፊትሽ ቀላ። ከወንበሩ ካፖርትሽን አነሳሽ፤
«ይቅር በይኝ ዶክተር፣ በከንቱ አስቸገርኩሽ፣
ስንት የታመመ እያለ...»

እስቲ ቁጭ በይ፤ እኔም ልረፍ ካጠገብሽ ተቀምጬ፣
ስለ አንድ በግ ሸላች ላውጋሽ፣ ስሙን ብቻ ለውጬ።

ኤሌውቴሪዮ እንበለው። በቀን መቶ በግ የሚሸልት፣
ጀርባው እንደ ድልድይ፣ ክንዱ እንደ መዘውር ብረት።
መንጋጋው ጠዘጠዘው፤ «ጥርሴ ነው» አለ።
ግራ ክንዱ ደነዘዘ፤ «የመቀሱ ነው» አለ።
በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው፤ «ምሳው ነው» አለ።
ጓደኞቹ መኪና ሲያስነሱ፣
«ነገ» አለ።

ነገ መጣ። እሱን ግን ሰዎች ናቸው ያመጡት፣
የበጎቹን ሱፍ ከጫማቸው ሳያራግፉት።
ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦
«ትናንት ቢመጣስ?»
መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።
«ብርቱ ሰው ነበር» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤
የገደለው ብርታቱ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ለማለት ማንም አይሰንፍ፤
ቅጠሉን የያዘ እጅ ነው የሚያፍረው ከደጃፍ።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ያስና፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣
ደወለች በሹክሹክታ፤ ውሻቸው አልነቃ ብሏት።
እናቷን ራሷን ያማታል፣ አባቷን ያስመልሰዋል፣
ቤቱ ሙሉ «ጉንፋን ነው» ብሎ ምድጃው ሥር ተኝቷል።
ሽታ የሌለው ጋዝ ነበር፣ መስኮቱ በጨርቅ ተወትፎ።
«በሩን በርግጂው! ሁሉንም ቀስቅሺና ውጪ!»
አምቡላንሱ ሲደርስ አራቱም በረዶው ላይ ቆመዋል፣
ያስና በካልሲ፣ ውሻው በእቅፏ።
ኋላ፣ አልጋዋ ላይ፣ ቀና ብላ አየችኝ፦
«ለውሻ ብዬ መደወሌ... አልተቆጣሽም?»

እንግዲህ ሬሚሂያ፣ ለጎረቤትሽም ንገሪ፦
ፊቱ ባንድ ጎን ከወደቀ፣ ቃሉ ከተንሻፈፈ፣
ሕፃን ጡት እምቢ ብሎ እንደ ጨርቅ ከተዝለፈለፈ፣
የሰው ትንፋሽ አጥሮ ከአንድ ቃል ካላለፈ፣
ራስ ምታት እንደ መብረቅ ባንዴ ከወረደ፣
ንጋትን አትጠብቁ። ንጋት ሐኪም አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ጣቱን እሾህ የወጋው ይጠብቃል፤
ሦስት ሰዓት አስቀምጠዋለሁ፣ እናቴን ጭምር ይሰድባል።
ይስደብ። መለየት የኔ ሥራ ነው፣ ደሞዝ የምበላበት፤
የናንተ መምጣት ብቻ ነው፣ ቢሆንም እንኳ በስህተት።
መቶ ቃር ይምጣብኝ በሌሊት፣
አንድ «ነገ» ከሚመጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ሰማዩ ነግቷል፣
የባሕር ወሽመጡ ነጭ አረፋ ለብሷል።
ጥጉ ላይ፣ ከፊቴ፣ አንዲት ሴት
ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ትሄዳለች፣
ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ዝግ ብላ፣
አንዳንዴም እያገሳች።
ከኋላዋ ገመዱን ያዝኩ።
በእጇ ሲወጠር ተሰማኝ።